አመድ የወለደው እሳት

ሮማውያን ወንዝን ‹ሪቩስ› ይሉት ነበር። ከአንድ ወንዝ ቦይ ጠልፈው እርሻቸውን የሚያጠጡ ጎረቤታሞች ደግሞ ‹ሪቫሌስ› ይባሉ ነበር፤ ‹ባለ አንድ ወንዞች› እንደ ማለት። ውሃው ሲያንስ ቦዩን ማን ይቅደም የሚል ነገር ይነሣል። ነገሩ ሲደጋገም ጎረቤት የነበረው ቃል ባላንጣ ሆኖ ቀረ። የእንግሊዝኛው ‹ራይቫል› የዚህ ቃል ልጅ ነው። እኛ ዘንድ ያው ወንዝ ሌላ ፍቺ አፈራ፤ ‹የወንዜ ልጅ› የሚል ሰው የሚያቅፈውን ይጠራል እንጂ የሚገጥመውን አይደለም። ለሚገጥመው ‹ተፎካካሪ› የሚል ቃል አለን፤ ሥሩ ‹ፎከረ› ነው፣ ጎራዴና ጎፈር ያለበት። ዛሬ የምርጫ ፓርቲዎች ሁሉ ይህን ቃል ለብሰው ሲሄዱ ጎራዴውን ማን ያስታውሰዋል?

እንግሊዝና አውስትራሊያ በክሪኬት ሜዳ ከ1877 ጀምሮ ሲገናኙ የላቲኑንም የአማርኛውንም ወንዝ ይዘው ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቋንቋቸው አንድ፣ ዘውዳቸው አንድ፣ የቤተሰብ ስማቸው አንድ፤ ጠባቸው ግን የሁለት ጠላት አገር ያህል። የዚህ ፉክክር ስም ደግሞ ‹አሽስ› ነው፤ አመድ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይህንን ያወጣው ግን የለንደን ቀልደኛ ጋዜጠኛ ነው፣ ያውም ስሙ የሚጠራው ዕቃ ሳይኖር።

ወደ አመዱ ከመግባታችን በፊት ስለ ጨዋታው ስም ሁለት ቃል። በ1597 (በዛሬው አቆጣጠር በ1598) ጊልፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ስለ አንድ ቁራሽ መሬት ክርክር ተነሣ። ጆን ዴሪክ የሚባል ሹም ምስክር ሆኖ ቀረበና፣ ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር እዚያ መሬት ላይ ‹ክሬኬት› ይጫወት እንደ ነበር ተናገረ። ቃሉ ያለ ጥርጥር የሚገኝበት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህ የፍርድ ቤት ቃል ነው። ሥሩን አንዳንዶች ከጥንቱ እንግሊዝኛ ‹ክሪች›፣ ሌሎች ከኔዘርላንዱ ‹ክሪክ› ይመዙታል፤ ሁለቱም ዞረው ዞረው ምርኩዝ ናቸው። ሌሊት ሣር ውስጥ ሲዘፍን የሚያድረው ነፍሳት ስሙ ከዚህ ጋር አንድ የሆነው በአጋጣሚ ነው፤ እሱ በድምፁ ተሰየመ፣ ጨዋታው በዱላው።

ጨዋታው ራሱ ባጭሩ፦ ወርዋሪው ኳሷን የሚወረውረው ሦስት ካስማዎችን ለመምታት ነው። መቺው በጠፍጣፋ እንጨት ይከላከልና ኳሷን መትቶ ይሮጣል፤ እያንዳንዷ ሩጫ ትቆጠራለች። ካስማዎቹ በአንድነት ‹ዊኬት› ይባላሉ። ቃሉ ከሰሜን ፈረንሳይ የገባ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ በር፣ በትልቅ በር ውስጥ የተቆረጠች መሹለኪያ ነው። ድሮ ካስማዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በላያቸው አንድ እንጨት ይጋደማል። በእርግጥም የበግ በረት በር ይመስላሉ። ይህን ሳነብ የእኛው ‹አንቀጽ› ትዝ ይለኛል። በግዕዝ አንቀጽ በር ነው፤ ‹አንቀጸ ብርሃን› የብርሃን በር ማለት ነው። በአማርኛ ግን በሩ መጽሐፍ ውስጥ ገባና የሐሳብ መግቢያ ሆነ፤ ኋላም ሕግ ውስጥ ገብቶ ቁጥር ተሰጠው። ‹ዊኬት›ም እንዲሁ ዞሯል። ዛሬ ካስማዎቹንም፣ የተተከሉበትን መሬትም፣ የመቺውን መውደቅም በዚያው ቃል ይጠሩታል።

አሁን ወደ ለንደን፣ ኦቫል ሜዳ። ዕለቱ ኦገስት 29 ቀን 1882። እንግሊዞች ለማሸነፍ 85 ሩጫ ብቻ ቀርቷቸዋል። አውስትራሊያዊው ፍሬድ ስፖፎርዝ በቁጣ እየነደደ ነው፤ የእንግሊዙ ደብሊው. ጂ. ግሬስ አንዱን ወጣት አውስትራሊያዊ፣ ሳሚ ጆንስን፣ መሬት ሊያስተካክል ከመስመሩ ወጣ ሲል ጠብቆ ካስማውን ነካበትና አስወጣው። የተፈቀደ ነው፤ የሚያስመሰግን ግን አይደለም። ስፖፎርዝ ቅጽል ስሙ ‹ጋኔኑ› ነበር፤ ያን ዕለት አንዱ ሰው አጋንንት ሆኖ ዋለ። በጨዋታው 14 መቺዎችን በ90 ሩጫ ጣለ፤ እንግሊዝ 77 ላይ ቀረች። በ7 ሩጫ ተሸነፈች፣ ያውም በገዛ ቤቷ።

በአራተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 2፣ ‹ስፖርቲንግ ታይምስ› የሚባለው ጋዜጣ ሙሾ አወጣ። ጸሐፊው ሬጂናልድ ሸርሊ ብሩክስ ነበር። በሞት ማስታወቂያ ወግ የእንግሊዝ ክሪኬት ኦቫል ላይ ማረፉን አረዳ፤ አስከሬኑ እንደሚቃጠል፣ አመዱም ወደ አውስትራሊያ እንደሚወሰድ አከለ። ከጋዜጣ ዓምድ አመድ ወጣ። ‹ዓምድ› እና ‹አመድ› በአማርኛ ጆሮ ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በዐይኑ ‹ዐ› የሚጻፈው ዐምድ፣ ምሰሶው ነው፤ የሁለተኛውን ነገር ወደ ታች አመጣዋለሁ።

ለምን ይቃጠላል አለ? የእንግሊዝ ሬሳ የሚቀበር እንጂ የሚቃጠል አልነበረምና ቀልዱ እዚህ ላይ ነው። በ1874 አስከሬን ማቃጠል እንዲፈቀድ የሚሟገት ማኅበር ለንደን ውስጥ ተቋቁሞ ነበር፤ የብሩክስ አባት ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩበት። በ1882 ነገሩ ገና የጦፈ ክርክር ነው። ወንጀል አይደለም የሚል ፍርድ የተሰጠው በ1884፣ ዎኪንግ በሚባለው ቦታ የመጀመሪያው አስከሬን በሥርዓት የተቃጠለው በ1885 ነው። ልጅዬው የአባቱን ሙግት ቀልድ ውስጥ ሸጎጠው ማለት ነው። ዛሬ የክሪኬት ወዳጅ ሁሉ አመድ አመድ ሲል ክርክሩን የሚያስታውስ የለም።

‹አስከሬን› ካልሁ አይቀር አንድ ጊዜ ልቁም። በግዕዝ ‹አስክሬን› ሬሳው አልነበረም፤ ሬሳ የሚገባበት ሣጥን ነበር። ከግሪክ ‹ስክሪኒዮን›፣ ከላቲኑም ‹ስክሪኒዩም› የመጣ ነው፣ የዕቃ ሣጥን። በአማርኛ ስሙ ከሣጥኑ ወደ ተኛበት ሰው ተሻገረ፤ መያዣው በመያዙ ስሙን ለተያዘው አወረሰ። የክሪኬቱ ‹አመድ› ተቃራኒውን መንገድ ሄዷል፤ እዚያ መያዣው በተያዘው ስም ይጠራል። ጉዳዩ ገና ይመጣል።

‹አመድ› በግዕዝ ሐመድ ነው፣ በሐመሩ ‹ሐ›። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥል ሐሞት አሞት፣ ሐረግ አረግ እንደ ሆነ ሁሉ ሐመድም አመድ ሆነ። በግዕዝ ሁለት ነገር ነበር፣ አመድም ትቢያም። ልጆቹ ርስቱን ተካፈሉት። አማርኛ አመዱን ወሰደ፤ ትግርኛ አፈሩን። ዛሬ የትግርኛ ተናጋሪ ‹ሓመድ› ሲል አፈር ማለቱ ነው፣ ‹ሓመድ ድበ› ሲል ቀብር ማለቱ ነው፤ ለአመድ ‹ሓሙኽሽቲ› የሚል ሌላ ቃል አለው። እንግዲህ የብሩክስን ሙሾ ወደ ግዕዝ ብንመልሰው ቀልዱ ይሞት ነበር። ቢቃጠልም ሐመድ፣ ቢቀበርም ሐመድ።

የሐመድ ሦስተኛ ልጅ በረዶ ውስጥ ተገኝቷል። ግዕዝ ‹ሐመዳ› ይለዋል፣ አማርኛ ‹አመዳይ›፤ በብርድ አገር ንጋት ላይ ሣሩን የሚያለብሰው ነጭ ውርጭ። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ያውቀዋል። እሳት ያልነካው አመድ ነው።

ከዚያ ደግሞ አነጋገሮቹ። የፈራ ሰው አመዱ ቡን ይላል። የተረታ አመድ ይሆናል። ደግ ሠርቶ ምስጋና ያላገኘ ‹እጄ አመድ አፋሽ ነው› ይላል። ከታላቅ አባት ደካማ ልጅ ሲወለድ ‹እሳት አመድ ይወልዳል›። በአማርኛ አመድ ከእሳቱ በኋላ የሚመጣ፣ ውርደትና መጨረሻ ነው እንጂ የሚናፈቅ ነገር ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ አይቮ ብላይ የሚባለው የእንግሊዝ አምበል በዚያው ዓመት መርከብ ተሳፍሮ ‹አመዱን ላመጣ ነው የምሄደው› ማለቱን ስሰማ፣ በፈቃዱ አመድ አፋሽ የሆነ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም ብያለሁ።

አፈሰም። ቪክቶሪያ ውስጥ፣ ሰንበሪ አጠገብ፣ ሩፐርትስውድ የሚባል የባለጠጋ ቤት አለ። እንግዳው ብላይ እዚያ ሲስተናገድ ሴቶቹ በቀልድ አንዲት ትንሽ የሸክላ ዕቃ ሰጡት፤ ይኸው አመድህ፣ ዓይነት ነገር። ከሰጪዎቹ አንዷ የቤቱ የሙዚቃ አስተማሪ ፍሎረንስ ሞርፊ ነበረች። በ1884 ብላይ አገባት። ዕቃዋ ቁመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት የቡና ስኒ ቢደራረብ ያህላታል። ብላይ ኋላ የዳርንሊ ባላባት ሆነ፤ ዕቃዋ እቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች። በ1927 ሲሞት ሚስቱ ለሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ ሰጠችው፤ ዛሬ ለንደን፣ ሎርድስ ሜዳ ባለው ሙዚየም አለች። አውስትራሊያ አሥር ጊዜ ብታሸንፍም ዕቃዋ ከለንደን አትሄድም፤ በ1988 እና በ2006 ለእንግድነት ሄዳ ተመልሳለች። አሸናፊ የሚያነሣው ከ1998 ወዲህ የተሠራ የመስተዋት ዋንጫ ነው። ግን ማንም ‹ሸክላዋን አሸነፍን› አይልም፤ ‹አመዱን› ይላል። አስክሬን የሄደበትን መንገድ አመዱ ወደ ኋላ ሄደው ያልሁት ይህን ነው።

ስሙ ወዲያው እንዳልጸደቀ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ብላይ ከተመለሰ በኋላ ቀልዱ ሃያ ዓመት ያህል ተዳፍኖ ቆየ። የቆሰቆሰው ፔልሃም ዋርነር ነው፤ በ1903 ቡድን ይዞ ወደ አውስትራሊያ ሄዶ አሸነፈ፤ በ1904 ‹አመዱን እንዴት እንዳስመለስን› የሚል መጽሐፍ አወጣ። ፍም አመድ ለብሶ እንደሚያድር ስምም እንዲሁ ያድራል።

እያንዳንዱ ግጥሚያ ‹ቴስት› ይባላል፤ አምስት ቀን የሚወስደው ረጅሙ ዓይነት። ‹ፈተና› ብለን ብንተረጉመው ከምናስበው በላይ ትክክል ነው። ግዕዙ ፈተነ፣ መረመረ ማለት ነው፤ የዐረብኛው ወንድሙ ‹ፈተነ› ደግሞ አንጥረኛ ቤት ውስጥ ይገኛል። ወርቅና ብር በእሳት አቅልጦ ንጹሑን ከግሳንግሱ መለየት ነው። ወርቅ በእሳት ይፈተናል የምንለው ዝም ብለን አይደለም፤ ቃሉ ራሱ የእሳት ጠረን አለበት።

የእንግሊዝኛው ‹ቴስት› ከየት መጣ? ከዚያው ከአንጥረኛው። ላቲን ‹ቴስታ› የተጠበሰ ሸክላ፣ ገል ነው። ፈረንሳዮች በጨዋታ ጭንቅላትን ‹ገል› ሲሉት ኖረው ‹ቴት› ራስ ሆኖ ቀረ፤ እኛም የአጥንቱን ዕቃ ‹ራስ ቅል› እንላለን፣ ቅል የውሃ መቅጃ መሆኑን ረስተን። በ14ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ‹ቴስት› ማለት ብርና ወርቅ የሚፈተንበት ጥልቀት የሌለው ማቅለጫ ነበር። ያልጠራው ብር ከእርሳስ ጋር ይጨመርበታል፤ እሳቱ ሲበረታ እርሳሱና ግሳንግሱ ወደ ማቅለጫው ግድግዳ ይሰርጋሉ፤ ከመሐል አንዲት የብር ፍሬ ትቀራለች። ኋላ ቃሉ ከዕቃው ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ማንኛውም ፈተና ተዛመተ።

ማቅለጫው ከምን ይሠራ እንደ ነበር ስደርስበት መጽሐፉን አስቀምጬ ሳቅሁ። ከአጥንት አመድ! እርሳስ የሚጠጣው እሱ ነው። አንጥረኛው ‹ቴስት› የሚለው የአመድ ዕቃ ነበር። ጋዜጠኛው ብሩክስ ይህን አያውቅም፣ ብላይም፣ ሸክላዋን የሰጡት ሴቶችም። ቴስት እና አሽስ ኦቫል ላይ ከመገናኘታቸው አምስት መቶ ዓመት በፊት በአንድ ምድጃ ላይ ተገናኝተው ነበር።

ቃሉን ወደ ክሪኬት ያገባው የመጀመሪያው የእንግሊዝ ቡድን የአውስትራሊያ ጉዞ ነው፤ 1861 ተጀምሮ 1862 ያለቀው። አምበሉ ኤች. ኤች. ስቲቨንሰን ይባላል። ይህ ሰው ሁለት ጊዜ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል። በ1858 ሼፊልድ ውስጥ በሦስት ተከታታይ ኳስ ሦስት መቺ ጣለ፤ ተመልካቹ ገንዘብ አዋጥቶ ባርኔጣ ገዛለት። ባርኔጣ ‹ሃት› ነው፤ ጥበቡ ‹ትሪክ›። የእኛ የእግር ኳስ ዘጋቢ አጥቂው ሦስተኛውን ግብ ሲያስቆጥር ‹ሃትሪክ!› እያለ የሚጮኸው ያችን የሼፊልድ ባርኔጣ ነው። በቴስት የመጀመሪያውን ሃትሪክ የሠራው ደግሞ ጋኔኑ ስፖፎርዝ ነው፣ በጃኑዋሪ 1879፣ ሜልበርን ላይ፣ እንግሊዝ ላይ።

የመጀመሪያው ቴስት እዚያው ሜልበርን በማርች 1877 ተደረገ። አውስትራሊያዊው ቻርልስ ባነርማን 165 ሩጫ ሰብስቦ ቆስሎ ወጣ፤ አውስትራሊያ በ45 አሸነፈች። በመቶኛው ዓመት፣ በማርች 1977፣ እዚያው ሜዳ ላይ የመታሰቢያ ግጥሚያ ተደረገና አውስትራሊያ በ45 አሸነፈች። ይህኛው ሥርወ ቃል የለውም፤ ግን አልፌው መሄድ አልቻልሁም።

እስከ አሁን ያለው አመድ ቀልድ ነበር። በ1932 እሳት ሆነ። እንግሊዞች የአውስትራሊያውን ኃያል መቺ ዶን ብራድማንን የሚያቆሙበት መላ ሲፈልጉ ኳሷን ካስማው ላይ ሳይሆን ሰውየው ላይ መወርወር ጀመሩ፤ ነጥሮ ወደ ጎድንና ወደ ራስ የሚመጣ፣ በፍጥነት። አምበሉ ዳግላስ ጃርዲን ‹ሌግ ቲዮሪ› ይለው ነበር፤ የትምህርት ቤት ስም፣ የሚያስፈራ ነገር የሌለበት። የአውስትራሊያ ጋዜጦች ግን ‹ቦዲላይን› አሉት፤ የሰውነት መስመር። ‹በሰውነት መስመር ላይ› የሚለው ሐረግ በቴሌግራም ሲላክ፣ ክፍያው በቃል ብዛት ስለ ነበር፣ ተጨምቆ አንድ ቃል ሆነ ይባላል። የጃርዲን ስም ተቀበረ፣ የጋዜጦቹ ኖረ። በስያሜ ጦርነት አጭሩ ያሸንፋል።

አደሌድ ላይ፣ በጃኑዋሪ 1933፣ የአውስትራሊያው አምበል ቢል ውድፉል ደረቱ ላይ ተመታ፤ የበርት ኦልድፊልድ ራስ ቅል ተሰነጠቀ። የአውስትራሊያ ክሪኬት ቦርድ ለንደን ቴሌግራም ላከ፤ ውስጡ ‹አንስፖርትስማንላይክ› የሚል ቃል ነበረበት። ስፖርተኛ ያልሆነ። ሁለት መንግሥታት የተናወጡት ከዚህ በኋላ ነው። የተሰነጠቀው ቅል ተትቶ ስለ ቃሉ ተጻጻፉ። ለንደኖች ቃሉ ካልተነሣ ቡድኑን እንደሚመልሱ አመለከቱ፤ ቦርዱ በፌብሩዋሪ የእንግሊዞቹን ስፖርተኛነት አልተጠራጠርንም ሲል መለሰ፤ ጨዋታው ቀጠለ። እንግሊዝ 4 ለ 1 አሸነፈች።

ያን ቃል ወደ አማርኛ ልመልሰው ብል ‹ከጨዋ የማይጠበቅ› እለዋለሁ። ክሪኬት እንግሊዞች የጨዋ ጨዋታ ይሉታልና። አሁን ‹ጨዋ›ን ይያዙልኝ። ብዙ የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት የዘር ግንዱ ግዕዙ ፄዋ ነው፤ ምርኮ፣ ግዞት። ምርኮኛው በንጉሡ ጦር ውስጥ ገባ፤ ‹ጨዋ› የሠራዊት ስም ሆነ። ሠራዊቱ ርስት ጉልት አገኘ፤ ‹ጨዋ› የደህና ቤተሰብ ልጅ ሆነ። ዛሬ ልጃችን ስታጎነብስ ‹ጨዋ› እንላታለን፤ ከሥሩ ሰንሰለት ይንኳኳል። በ1788 እንግሊዝ የመጀመሪያ እስረኞቿን በመርከብ ጭና ሲድኒ ላይ አራገፈች። በ1933 የእነዚያ እስረኞች አገር ለእንግሊዝ ጨዋነት ጎደለሽ ብላ ቴሌግራም ላከች። ፄዋ ጨዋ ሆነ።

ኳሷን የወረወረው ሃሮልድ ላርውድ ከኖቲንግሃምሻየር የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የወጣ ሠራተኛ ነበር። ጃርዲን ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚጫወት ‹ጄንትልማን›። በዚያ ዘመን ሁለቱ በጽሑፍ እንኳ ይለያዩ ነበር፤ ያለ ክፍያ የሚጫወቱት ‹ጄንትልመን›፣ የሚከፈላቸው ‹ፕሌየርስ›። ላርውድ ይቅርታ ጠይቅ ቢባል ትእዛዝ ፈጸምሁ እንጂ አላጠፋሁም ብሎ እምቢ አለ፤ ለእንግሊዝ ቴስት ዳግመኛ አልተጫወተም። በ1950 ቤተሰቡን ይዞ ተሰደደ። ወዴት? ሲድኒ። እዚያም ቀሪ ዕድሜውን ኖረ፣ በወንዙ ልጆች መካከል።

ብራድማን ስሙን ከዜሮ ጋር አጣብቆ ኖሯል። ኦገስት 1948፣ ኦቫል፣ የመጨረሻው ቴስት። የሩጫው አማካይ 100 እንዲሆን 4 ብቻ ይበቃው ነበር። ኤሪክ ሆሊስ በሁለተኛው ኳስ ካስማውን ነቀለበት። ዜሮ። ክሪኬተኞች ዜሮን ‹ዳክ› ይሉታል፣ ዳክዬ፤ ‹የዳክዬ እንቁላል› ከሚለው ያጠረ ነው። ‹ኦቫል› ደግሞ ከላቲኑ ‹ኦቩም› ነው፣ እንቁላል። ሰውየው በእንቁላሉ ሜዳ እንቁላል ይዞ ወጣ። አማካዩ 99.94 ሆኖ ቀረ። በግዕዝ አኃዝ ጠቅላላ ሩጫው ፷፱፻፺፮ ነው፤ አራቱን ቢያገኝ ፸፻ ይሆን ነበር፣ ሁለት ፊደል ብቻ፣ እንዴት ያምራል። ያገኘውን ግን በግዕዝ መጻፍ አይቻልም። ግዕዝ ለዜሮ ምልክት የለውም። እኛ የምንለው ‹ዜሮ› በጣሊያን በኩል የመጣ ነው፣ ሥሩ የዐረብኛው ‹ሲፍር›፣ ባዶ።

አውስትራሊያዊ እንግሊዛዊውን ሲሰድበው ‹ፖሚ› ይለዋል። ‹የእናት እንግሊዝ እስረኛ› ከሚለው የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዷል የሚለው ወግ ኋላ የተፈጠረ ነው፣ አትመኑት። ሚዛን የሚደፋው ‹ፖምግራኔት› ነው፤ ‹ኢሚግራንት› ከሚለው ጋር ቤት እየመታ በልጆች ቀልድ የመጣ፣ በፀሐይ ለቀላ የመጤ ጉንጭም የሚስማማ። ፖምግራኔት እኛ ሮማን የምንለው ነው፣ ከዐረብኛው ‹ሩማን›። በአማርኛ ሮማን ብሎ መሳደብ አይሆንልንም፤ ለቆንጆ ጉንጭ ሰጥተነዋል።

‹አውስትራሊያ›ም ራሱ አቅጣጫ ነው። ላቲን ‹አውስተር› የደቡብ ነፋስ፤ አገሩ ደቡቢቱ። አቅጣጫ ግን እንደ ቆሙበት ነው። ለአክሱም ሰዎች ‹ሰሜን› ደቡብ ነበር፤ የሰሜን ተራሮች ከአክሱም በስተ ደቡብ ናቸውና። መንግሥቱ ወደ ሸዋ ሲወርድ ተራሮቹ ከኋላ ቀሩ፤ ቃሉ ሳይነቃነቅ ትርጉሙ ዞረ።

ዳኛውን ረስቼ ልጨርስ አልችልም። በሁሉም መካከል የሚቆመው እሱ ነውና። እንግሊዝኛ ‹አምፓየር› ይለዋል። በመጀመሪያ ‹ኑምፐር› ነበር፣ ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ‹ኖንፐር›፤ እኩያ የሌለው፣ ጎዶሎው፣ ሦስተኛው ሰው። ‹ኧ ኑምፐር› ሲሉ ‹ኧን ኡምፐር› እየተሰማ ‹ን› ወደ ፊተኛው ቃል ሸሸች። የእኛው ዳኛ ከግዕዝ ደየነ ነው፣ ፈረደ፤ ‹ን› ወደ ‹ኝ› ለስልሳለች። በግዕዝ ግን ‹ደይን› ፍርድ ብቻ አይደለም፣ የመጨረሻው ቅጣት፣ ገሃነሙም ነው። እንግሊዛዊው ዳኛ ጎዶሎ፣ የእኛው ኩነኔ።

ጁላይ 2 ቀን 2023፣ ሎርድስ። እንግሊዛዊው ጆኒ ቤርስቶው አንድ ኳስ አሳለፈና ኳሷ ሞተች ብሎ ከመስመሩ ወጣ። የአውስትራሊያው አሌክስ ኬሪ ወርውሮ ካስማውን መታው። ዳኛው ወጥተሃል አለ። ሎርድስ ጮኸ፤ የክለቡ ክራቫት ያሰሩ ሽማግሌዎች ተጫዋቾቹን በመተላለፊያው ላይ ተሳደቡ። ክርክሩ ‹ሕጉ› እና ‹መንፈሱ› በሚሉ ሁለት ቃላት ላይ ተንጠለጠለ፤ በ2000 በሕጉ መግቢያ ላይ ‹የክሪኬት መንፈስ› የሚል ተጽፎበታልና። ላቲኑ ‹ስፒሪቱስ› እስትንፋስ ነው፤ ግዕዙ መንፈስም ከነፋስና ከነፍስ ወገን ነው። ሁለቱም አየር ናቸው፣ አይጨበጡም። ግሬስ በ1882 ሳሚ ጆንስን ያስወጣው በዚሁ ዓይነት ነው፤ ያን ጊዜ የተቆጡት አውስትራሊያዊያን ነበሩ። 141 ዓመት ቆይቶ ቁጣው ባለቤት ለወጠ።

ሸክላዋ ውስጥ ያለው አመድ የምንድን ነው? የተለመደው መልስ ‹ቤይል› ነው፤ በካስማዎቹ ራስ ላይ የምትጋደም ትንሽ እንጨት ተቃጥላ። በ1998 ግን የብላይ ምራት፣ የሰማንያ ሁለት ዓመት አሮጊት፣ የለም አሉ፤ የአማቴ ‹ቬይል› ነው፣ የፊት መሸፈኛዋ። ቤይል፣ ቬይል። የድምፁ ልዩነት ከንፈር በከንፈር ወይም ጥርስ በከንፈር ነው። ግዕዝ ቬ የለውም፤ አማርኛ የውጭ ቃል ሲበዛበት በ ላይ አንድ ጭረት ጨምሮ ቨ አደረገ። ዛሬም ‹ቴሌቢዥን› የሚሉ አዛውንት አሉ። እነሱ ቢነግሩን ኖሮ እንጨቱና ሻሹ አንድ በሆኑ ነበር።

በዚያው በ1998 የሁለቱ አገሮች የሴቶች ቡድኖች፣ ከ1934 ጀምሮ ቴስት የሚገጥሙት፣ እነሱም አመድ ይኑረን አሉ። የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች የፈረሙበትን መምቻ ወስደው ሎርድስ ላይ እሳት ለቀቁበት። አመዱን አንድ ውስጧ በተቦረቦረ የእንጨት ኳስ ውስጥ አስገቡት።